አሜሪካዊው ስለ ዓለም ምን ያህል ያውቃል? ወቀሳው ከላስታ ሲፈተሽ

"አሜሪካኖች ደጎች ናቸው፤ ከአገራቸው ውጪ ያለውን ግን አያውቁም" የሚለው ፍርድ በላሊበላ አስጎብኚዎች ጨዋታ፣ በአዲስ አበባ ቡና ቤቶችና በዋሽንግተን ዙሪያ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወግ እኩል ይሰማል። ካናዳዊውም፣ ፈረንሳዊውም፣ ሜክሲኳዊውም በየቋንቋው ይደግመዋል። ብዙ ሕዝብ ስለ አንድ ሕዝብ ተመሳሳይ ነገር ሲናገር እውነቱ ጎልቶ ታይቶ ሊሆን ይችላል፤ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ተዛምቶም ሊሆን ይችላል። ይህ ዳሰሳ ሦስት ጥያቄዎችን ያነሣል። ወቀሳው እውነት ነው ወይ? እውነት ከሆነ ከምን የመጣ ነው? አሜሪካዊው ቢያውቅ ኖሮስ ለእኛ የሚለወጥ ነገር ነበር ወይ? ዓመታቱ በተለይ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከነአኩቶ ለአብ ደጃፍ

ነአኩቶ ለአብ ከላሊበላ ከተማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ፣ ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዋሻ ውስጥ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስሙን ያገኘው ከዛግዌው ንጉሥ፣ ከቅዱስ ላሊበላ የወንድም ልጅ ነው። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ ከሥሩ በተደረደሩ ድንጋዮች ላይ ተጠራቅሞ ጸበል ይሆናል። ቦታው መንገድ ላይ በመሆኑ እንግዳው ወይ ሲገባ ወይ ሲወጣ ጎራ ይላል። ሲገባ ከሆነ ገና ምንም አልሰማም፤ ሲወጣ ከሆነ ሁሉን ሰምቶ ጠግቧል። አስጎብኚ የእንግዳውን እውቀት መለካት ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

አሜሪካዊው እንግዳ እዚህ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሕንፃው ዕድሜ፣ ስለ አሠራሩ፣ ካህናቱ አውጥተው ስለሚያሳዩት መስቀልና የብራና መጽሐፍ ነው። ወደ ፖለቲካ ሲሻገር ጥያቄው ይጠባል፤ ረሃብ፣ ጦርነት፣ ቻይና። ኢትዮጵያና አሜሪካ በ1903 የንግድ ውል እንደተፈራረሙ፣ ሮበርት ስኪነር የተባለው ዲፕሎማት ለዚሁ ጉዳይ አፄ ምኒልክ ዘንድ ድረስ እንደመጣ፣ የቃኘው ሻለቃ በኮሪያ ከአሜሪካ ጦር ጎን እንደተዋጋ ሲነገረው የሚገረም ብዙ ነው። አስጎብኚው ግን የአሜሪካን ምርጫ ውጤት ያውቃል፤ በየትኛው ክፍለ ግዛት ማን እንዳሸነፈ የሚከታተልም አለ። በላሊበላ መንገዶች እንግዳ የሚከቡት ልጆች ሳይቀሩ ከየት እንደመጣ ጠይቀው የአገሩን ዋና ከተማ ይነግሩታል። ከቴክሳስ ነኝ ካለ ኦስቲን ይሉታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ላስታ ድረስ የሚመጣው አሜሪካዊ የአገሩ መካከለኛ ዜጋ አይደለም። ከአሜሪካውያን ፓስፖርት ያለው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው፤ በ1990 ገደማ ደግሞ ከሃያ አንዱ ብቻ ነበር። ከእነዚህም ውስጥ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ ካሪቢያን ባሕር ዳርቻ መሄዱን ትቶ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ደብር ሊሳለም የሚመጣው የተመረጠ ሰው ነው፤ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ሐኪም፣ የታሪክ ወዳጅ። ስለዚህ የላሊበላ አስጎብኚ ፍርድ ከአዲስ አበባው ቡና ቤት ፍርድ ይለዝባል። ሊያውቅ ፈልጎ የመጣውን ሰው ያየ አስጎብኚ ስለ ቀሪው አሜሪካዊ መናገር አይችልም፤ አሜሪካዊ በአካል ገጥሞት የማያውቅ ሰው ፍርድ ደግሞ የቴሌቪዥን ፍርድ ነው።

ላስታ ከቱሪስት ሌላ ሁለት ዓይነት አሜሪካዊ ታውቃለች። አንደኛው ባለሙያው ነው። በ1965 ኒውዮርክ ውስጥ የተቋቋመውና ዛሬ የዓለም ሐውልቶች ፈንድ የሚባለው ድርጅት ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ ያደረገው የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ጥገና ነበር፤ በቦታው ሥራውን የመራው ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ነው። ዩኔስኮ አብያተ ክርስቲያናቱን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ከዚያ በኋላ፣ በ1978 ነው። ይኸው ድርጅት ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልንም በአሜሪካ መንግሥት የቅርስ ገንዘብ ጠግኗል። ሁለተኛው አሜሪካዊ በአካል አይታይም፤ የሚታወቀው ከአሜሪካ ሕዝብ የተሰጠ መሆኑ በእንግሊዝኛ በታተመበት የስንዴ ከረጢት ነው። በ1984 እና 1985 ረሃብ ጊዜ የመጣው ከረጢት በኋላም በሴፍቲኔት ዘመን በሰሜን ወሎ ከብዙ ቤት አልጠፋም። ተቀባዩ የሰጪውን ስም ያውቃል። ሰጪው ግን የሰጠውን ምን ያህል እንደሆነ እንኳ እንደማያውቅ ወደ ፊት እናያለን።

ዓለም ስለ እነርሱ የሚለው

ወቀሳውን በመዝናኛ መልክ ከሁሉ በላይ ያሰራጩት ካናዳውያን ናቸው። ኮሜዲያኑ ሪክ ሜርሰር በአሜሪካ ከተሞች እየዞረ፣ ሌላው ቀርቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ጭምር፣ ስለ ካናዳ የፈጠራ ወሬ እየነገረ የሰዎችን መልስ ይቀርጽ ነበር። በ2001 የቀረበው ልዩ ዝግጅቱን 2.7 ሚሊዮን ያህል ካናዳውያን ተመልክተውታል፤ ለዚያ አገር ይህ እጅግ ብዙ ሕዝብ ነው። ያው ሰው በ2000 ምርጫ ዘመቻ ወቅት ለጆርጅ ቡሽ የካናዳውን ጠቅላይ ሚኒስትር "ዣን ፑቲን" ብሎ ሲጠራላቸው እጩው ስህተቱን ሳያስተውሉ መልስ ሰጡ። ፑቲን ድንች በአይብና በመረቅ የሚቀርብበት የኩቤክ ምግብ ነው፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ስም ዣን ክሬትየን ነበር። አንድ ዓመት ቀደም ብሎም አንድ ጋዜጠኛ የቼቼንያን፣ የታይዋንን፣ የሕንድንና የፓኪስታንን መሪዎች ሲጠይቃቸው ቡሽ መመለስ የቻሉት የታይዋኑን ብቻ ነበር። በ2016 ደግሞ የሊበርታሪያን ፓርቲው እጩ ጋሪ ጆንሰን ስለ አሌፖ ተጠይቀው አሌፖ ምን እንደሆነ መልሰው ጠየቁ፤ ከተማዋ በዚያን ጊዜ በጦርነት እየነደደች ነበር።

እንዲህ ያሉት ታሪኮች እውነት ናቸው፤ ግን ተመርጠው የተሰበሰቡ ናቸው። በትክክል የመለሰ መንገደኛ አያስቅምና ከቅጂው ይቆረጣል። በዚህ መንገድ የሚሠራ ዝግጅት በመርካቶም፣ በለንደንም፣ በሙምባይም ቢካሄድ አላዋቂ አያጣም። ልዩነቱ የአሜሪካዊው ስህተት ብዙ ተመልካች ያለው መሆኑ ነው፤ ዓለም ኃያሉ ሲሳሳት ማየት ይወዳል።

በሥርዓት የተሠሩ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ሥዕሉን ያስተካክሉታል። የፒው የምርምር ማዕከል በ2005 በ16 አገሮች ባደረገው ጥናት ብዙዎቹ መላሾች አሜሪካውያንን ታታሪና ፈጣሪ ብለው ሲያመሰግኑ፣ ስግብግብና ኃይለኛ ብለው ነቅፈዋቸዋል። በብዙ ጥናቶችም ሰው ለአሜሪካ መንግሥት ካለው ስሜት ለአሜሪካ ሕዝብ ያለው ስሜት የተሻለ ሆኖ ይገኛል። አላዋቂነታቸው የሚነሣው ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው፤ ሕዝቡን ለመውደድ መንግሥቱንም ለመንቀፍ ለሚፈልግ ሰው "አያውቁም" ማለት ሁለቱን ያስታርቅለታል። ይህ ለአሜሪካዊው ይቅርታ የማድረጊያ መንገድም ነው።

ቁጥሮቹ

የናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበር በ2002 በዘጠኝ አገሮች ከ18 እስከ 24 ዓመት ያሉ ወጣቶችን በዓለም ካርታና በወቅታዊ ጉዳዮች ፈትኖ ነበር። ከ56 ጥያቄዎች ስዊድናውያኑ በአማካይ 40 ሲመልሱ አሜሪካውያኑ 23 መለሱ፤ ከእነርሱ በታች የሆኑት 21 የመለሱት ሜክሲኳውያን ብቻ ነበሩ። ከአሜሪካውያኑ 11 በመቶ የራሳቸውን አገር በካርታ ላይ ማግኘት አልቻሉም። በ2006 ደግሞ አገራቸው ኢራቅ ውስጥ መዋጋት ከጀመረች ሦስት ዓመት ቢሞላትም፣ በዚያ የዕድሜ ክልል ካሉት 63 በመቶ ያህሉ ኢራቅን ማመልከት አልቻሉም። በ2014 ሦስት የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራን ከ2,000 በላይ አሜሪካውያንን ዩክሬን የት እንደሆነች ሲጠይቁ በትክክል ያመለከቱት ከስድስት አንድ ያህል ነበሩ። ከዚያ የሚብሰው ሌላው ግኝት ነው፤ ሰውየው ያመለከተበት ቦታ ከእውነተኛዋ ዩክሬን በራቀ መጠን አሜሪካ በጦር ጣልቃ እንድትገባ ያለው ፍላጎት ይጨምር ነበር።

ስለ ገዛ አገራቸው መንግሥትም ቁጥሩ የሚያኮራ አይደለም። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው የአነንበርግ ማዕከል በየዓመቱ በሚያደርገው ጥናት ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚና ዳኝነት የሚባሉትን ሦስቱን የመንግሥት አካላት መጥራት የቻሉት በ2016 26 በመቶ፣ በ2022 47 በመቶ፣ በ2023 66 በመቶ ነበሩ። መዋዠቁ ራሱ ትምህርት አለው፤ ፖለቲካው ሲሞቅና ፍርድ ቤት በየቀኑ ዜና ሲሆን ሰው ያውቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይረሳል።

ለላስታ ሰው በቀጥታ የሚመለከተው ግን ስለ ዕርዳታ የተጠየቀው ነው። ኬኤፍኤፍ የተባለው የጥናት ድርጅት በተደጋጋሚ እንዳሳየው አሜሪካውያን ለውጭ ዕርዳታ የሚወጣው ገንዘብ በአማካይ ከፌዴራል በጀቱ አንድ አራተኛ በላይ ይመስላቸዋል። እውነቱ አንድ በመቶ ገደማ ነው። በ2025 የአሜሪካው የዕርዳታ ድርጅት የዩኤስኤአይዲ በር ሲዘጋ ብዙ አሜሪካዊ አገሩ ከከባድ ሸክም የተገላገለች መስሎት ዝም አለ። ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉ የድርጅቱ ትላልቅ ተቀባዮች አንዷ ነበረች። አላዋቂነት የቀልድ ጉዳይ መሆኑ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው፤ በኦሃዮ ያለ የአንድ መራጭ የተሳሳተ ግምት በሰሜን ወሎ የአንድ ቤተሰብን ራሽን ይነካል።

የሌሎች አገሮች ቁጥርስ? ኢፕሶስ በ2014 በ14 አገሮች ሕዝቡ ስለ ገዛ አገሩ ያለውን ግምት ከእውነተኛው አሐዝ ጋር ሲያነጻጽር በጣም የተሳሳቱት ጣሊያናውያን ሆነው ተገኙ፤ አሜሪካውያን ሁለተኛ ነበሩ። ፈረንሳውያን በአገራቸው ያሉትን ሙስሊሞች 31 በመቶ ብለው ሲገምቱ እውነቱ 8 በመቶ ነበር። ስለዚህ ስህተቱ የአንድ ሕዝብ ብቻ አይደለም። የአሜሪካዊው ልዩነት በተለይ የሚጎላው የውጭ ጉዳይ ላይ ነው። በ2009 አሜሪካን፣ እንግሊዝን፣ ዴንማርክንና ፊንላንድን ያነጻጸረ የመገናኛ ብዙኃን ጥናት የአሜሪካውያን የዓለም እውቀት ከአራቱ ዝቅተኛው ሆኖ አግኝቶታል። በተማረና ባልተማረ አሜሪካዊ መካከል ያለው ርቀትም ከሌሎቹ አገሮች የሰፋ ነበር። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትልቅ ነው፤ አንድ "አሜሪካዊ" የለም። የዓለምን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ አሜሪካዊ አለ፤ ምንም የማያውቅም አለ፤ በመካከል ያለው ሕዝብ ግን ሳስቷል።

ለምን አያውቁም?

ሰነፎች ስለሆኑ ነው የሚለው መልስ ከሁሉ ደካማው ነው። ኢኮኖሚስቱ አንቶኒ ዳውንስ በ1957 እንዳስረዳው፣ አንድ ድምፅ ምርጫን የመለወጥ ዕድሉ ኢምንት በመሆኑ መራጩ ፖለቲካን ለማጥናት የሚያወጣው ጊዜ ትርፉ ለራሱ አይታየውም፤ አለማወቅ ለግለሰቡ አዋጭ ይሆናል። ይህ ለሁሉም ሕዝብ ይሠራል። ለአሜሪካዊው ደግሞ ሌላ ተጨምሮበታል። በምሥራቅና በምዕራብ ውቅያኖስ አለ። ጎረቤቶቹ ሁለት ናቸው። ቋንቋውን ዓለም ይማርለታል፤ ገንዘቡን ዓለም ይመነዝርለታል። ዜናውም በአብዛኛው በንግድ ጣቢያ የሚመጣ በመሆኑ ማስታወቂያ የማይስበው የውጭ ዜና ወደ ኋላ ይገፋል። ዴንማርክና ፊንላንድ ጠንካራ የሕዝብ ቴሌቪዥን አላቸው፤ ልዩነቱን ያመጣው አንዱ ይህ መሆኑን ያው የ2009 ጥናት ይገልጻል።

ሌላው ሥሩ ኃይል ነው። በባለርስት ዘመን ጭሰኛው የባለርስቱን ጠባይ፣ የሚቆጣበትን ሰዓትና የሚምርበትን ቀን ያጠና ነበር፤ ባለርስቱ ግን የጭሰኛውን ልጆች ስም ላያውቅ ይችላል። ጭሰኛው በተፈጥሮው ብልህ፣ ባለርስቱም ደደብ ስለነበሩ አይደለም። አንደኛው ካላወቀ ይጎዳ ነበር፤ ሌላው ባያውቅም አይጎድልበትም ነበር። የላሊበላው ልጅ የቴክሳስን ዋና ከተማ የሚያውቀው እውቀቱ እስክሪብቶ ወይም ጥቂት ብር ስለሚያመጣለት ነው። የአዲስ አበባው ነጋዴ የአሜሪካን ምርጫ የሚከታተለው የዶላር ምንዛሪና የልጁ ቪዛ በውጤቱ ስለሚናጉ ነው። አሜሪካዊው ለላስታ ምርጫ፣ ለላስታ ጦርነት እንዲህ ያለ ጉዳይ የለውም።

አሜሪካዊው ደግሞ እኛ የማንጠይቀውን ያውቃል። አገሩ ከ500,000 በላይ የሚመረጡ ባለሥልጣናት አሉት። የትምህርት ቤት ቦርድ፣ ሸሪፍ፣ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ዳኛም ጭምር በምርጫ ይሾማል። የቤት ግብር ሲጨምር፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ስብሰባ ሄዶ የሚከራከር፣ ለኮንግረስ ተወካዩ ቢሮ ስልክ የሚደውል ሰው ስለ አባይ ግድብ ባያውቅም ስለ ሥልጣን አሠራር ያውቃል። በ2020 ምርጫ መምረጥ ከሚችለው ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ድምፅ ሰጥቷል፤ ከ1900 ወዲህ እንዲህ ያለ ተሳትፎ አልታየም ነበር። የፖለቲካ ንቃት በካርታ ብቻ የሚለካ ከሆነ ይህ ሁሉ ከሒሳቡ ይወጣል።

ቢያውቁስ?

ብዙዎቻችን በልባችን የያዝነው ተስፋ አለ፤ አሜሪካዊው እውነቱን ቢያውቅ ከእኛ ጋር ይቆም ነበር የሚል። የሁለት ፕሬዚዳንቶች ታሪክ ይህን ተስፋ ይፈትነዋል።

ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጥቅምት 2020 ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ግብፅ የአባይን ግድብ ልታፈነዳው እንደምትችል ተናገሩ። በሰኔ 2025 ደግሞ ግድቡን አሜሪካ በሞኝነት በገንዘብ እንደደገፈችው በማኅበራዊ ገጻቸው ጻፉ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን በቦንድ የሰጠበት፣ ገበሬው ያዋጣበት፣ በ8100 አጭር መልእክት ብር የተላከበት ግድብ መሆኑን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ከስድብ አይተናነስም። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የብዙ ሰው ኩራት ውስጥ ይህ ቁጭት ነበረበት። እንግዲህ ይህ አላዋቂነት ነው፤ አለዚያም ለግብፅ የተነገረ ፖለቲካ።

ወደ ሌላው እንሂድ። ፕሬዚዳንት ኦባማ በሥልጣን ላይ እያሉ ኢትዮጵያን የጎበኙ የመጀመሪያው የአሜሪካ መሪ ናቸው። ያነበቡ፣ በልጅነታቸው በውጭ አገር የኖሩ፣ አባታቸው ኬንያዊ የሆኑ፣ ጎበዝ አማካሪዎች የነበሯቸው ሰው ናቸው። በሐምሌ 2015 አዲስ አበባ መጥተው መንግሥቱን በዴሞክራሲያዊ መንገድ የተመረጠ አሉት። ከሁለት ወር በፊት በተካሄደው ምርጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ መቀመጫዎች ወስደው ነበር። ኦባማ ይህን አያውቁም ማለት አይቻልም። ያውቁ ነበር፤ ግን የሶማሊያ ጉዳይ፣ የጸጥታ ትብብር፣ የአካባቢው መረጋጋት ከእውቀቱ በለጠ። አላዋቂው ፕሬዚዳንት ግድባችንን ሲያስፈራሩ፣ አዋቂው ደግሞ ምርጫችንን አለባበሱት። ሁለቱም ንግግራቸውን የመሩት በጥቅም ስሌት ነው።

ወደ ኋላ ብንሄድም ያው ነው። በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር የአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ ስለ ኢትዮጵያ ከብዙ ዲፕሎማት የበለጠ ያውቅ፣ ከብዙ ዲፕሎማት የበለጠም ያስብ ነበር። አብራሪው ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ መጥቶ የአፄ ኃይለ ሥላሴን አየር ኃይል መራ። ዶክተር መላኩ በያን በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ። የአሜሪካ መንግሥት ግን በዚያው 1935 በወጣው የገለልተኝነት ሕግ ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለ። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ ኢትዮጵያ አልነበራትም። የሚያውቁት ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ሥልጣን ያላቸው ደግሞ እያወቁ ገለልተኛ መሆንን መረጡ።

እንዲህ ሲባል እውቀት ምንም አይሠራም ማለት አይደለም። የሚሠራው በጥቂቶች በኩል ነው። በ1962 ወደ 280 ያህል የሰላም ጓድ መምህራን ኢትዮጵያ ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሩ። ብዙዎቹ ሲመለሱ በመሥሪያ ቤቶች፣ በዩኒቨርሲቲዎችና በኮንግረስ ዙሪያ የኢትዮጵያ ወዳጆች ሆኑ። የሶሲዮሎጂው ሊቅ ዶናልድ ሌቪን ስለ አማራ ባህል በ1965 ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የብራና መጻሕፍታችን ማይክሮ ፊልም በሚኒሶታ ተቀምጦ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜ ልካቸውን የመረመሩት በአንድ የአሜሪካ ገዳማዊ ተቋም ውስጥ ነው። የቴክሳሱ የኮንግረስ አባል ሚኪ ሌላንድ በነሐሴ 1989 ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ሲጓዙ ጋምቤላ አካባቢ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። የረሃብን ጉዳይ በኮንግረስ ውስጥ ያስደመጡት እነዚህን የመሰሉ ሰዎች እንጂ አማካዩ መራጭ አልነበረም። አማካዩ መራጭ ያኔ የሚያውቀው በቴሌቪዥን ያየውን የኮረምን ሥዕልና በ1985 የወጣውን የዘፋኞች ኅብረት መዝሙር ነው። እርሱም ቢሆን ገንዘብ አዋጥቷል። ግን ረሃቡ ከምን እንደመጣ፣ ጦርነቱና መንግሥቱ ምን ድርሻ እንደነበራቸው አልጠየቀም። የአንድ ትውልድ አሜሪካዊ ኢትዮጵያን ከዚያ ሥዕል ሳያወጣ አርጅቷል።

ላስታ የዚህን ዋጋ በ2013 ዓ.ም. ከፍላለች። በሐምሌ መጨረሻ የሕወሓት ኃይሎች ላሊበላን ሲይዙ ከተማዋ የዓለም ዜና ሆነች፤ በብዙው ዘገባ ግን ዜናው ስለ ድንጋዩ ነበር። ቅርሱ ይጎዳ ይሆን የሚለው ጥያቄ፣ ያለ መብራት፣ ያለ ስልክና ያለ ባንክ ወራት የቆየው ሕዝብ እንዴት አደረ ከሚለው ቀድሟል። በኅዳር 2023 በፋኖና በመከላከያ መካከል በከተማዋ ውጊያ ሲደረግም ያው ሆነ። ዛሬ አሜሪካዊው ስለ ላስታ የሚያውቀው ከሁሉ በላይ ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የጉዞ ማስጠንቀቂያ ነው።

እኛስ ምን ያህል እናውቃለን?

አሜሪካዊውን የምንከስበት ሚዛን ለእኛም ይሠራል። ኢትዮጵያዊ ስለ አሜሪካ ያውቃል ሲባል የሚያውቀው ፕሬዚዳንቱን ነው። ለኢትዮጵያ የሚበጀተውን ገንዘብ ግን የሚወስነው ኮንግረስ ነው፤ የትኛው ኮሚቴ፣ በየትኛው ወር፣ በማን ሊቀመንበርነት እንደሆነ ከእኛ መካከል ስንቱ ይከታተላል?

የሠራው ሲታይ ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። በሚያዝያ 2018 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ያሳለፈው ኤች አር 128 የተባለው የውሳኔ ሐሳብ እዚያ የደረሰው ኢትዮጵያውያን የኮንግረስ አባሎቻቸውን በየምርጫ ክልላቸው ስለያዙ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ በኦሮራ ከተማ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ድምፅ በተወካያቸው ማይክ ኮፍማን ላይ የነበረው ጫና የታወቀ ነው። ይህ የአሜሪካን ፖለቲካ ማወቅ ነው።

ሌላው ገጽታ ደግሞ በ2021 እና 2022 ታየ። ፕሬዚዳንት ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል እንደሚያስወጡ ባሳወቁበት በኖቬምበር 2 ቀን 2021 ቨርጂኒያ ገዢዋን ትመርጥ ነበር። አንዳንድ ኢትዮጵያውያን በቁጣ ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀሰቀሱ። ፓርቲውን ለመቅጣት ከሆነ ይገባል፤ ግን የክፍለ ግዛት ገዢ በአጎዋ ላይ ሥልጣን የለውም። በኢትዮጵያ ላይ ማዕቀብ የሚጠይቀውን ኤች አር 6600 የተባለ ረቂቅ ሕግ ያቀረቡት የኮንግረስ አባል ቶም ማሊኖውስኪ በ2022 ሲሸነፉም የእኛ ድምፅ ጣላቸው ብለው የደሰኮሩ ነበሩ። የኒው ጀርሲው የምርጫ ክልላቸው ካርታ ተለውጦ ብዙ ሪፐብሊካን መራጮች መጨመራቸው ግን ከማንኛውም ዘመቻ ይበልጥ ነበር። በዚያው ጊዜ ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለውን ፋብሪካ ዘግቶ ወጣ። ሰልፉ ሞቆ ሳለ ሥራው ጠፋ።

ስለ ራሳችንስ? የፔንሲልቬንያን የምርጫ ውጤት በየሰዓቱ የሚከታተል ወጣት የወረዳውን የምክር ቤት ተወካይ ስም ቢጠየቅ ይደናገራል። የክልሉ በጀት ስንት እንደሆነ፣ የከተማው ከንቲባ እንዴት እንደሚሾም የሚያውቅ ጥቂት ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። እርግጥ ነው፣ ምክንያት አለው፤ አሜሪካ ውስጥ ቁጥሩ ይፋ ይወጣል፣ ክርክሩ በአደባባይ ይካሄዳል፣ ምርጫውም በእርግጥ ሰው ይለውጣል። እኛ ዘንድ ግን ማወቅ ብዙ ጊዜ ያስጠረጥራል እንጂ አያበላም። ቢሆንም አሜሪካዊውን ባላወቀው ልንከስስ ስንነሣ፣ እኛም የሚያስተዳድረንን አለማወቃችን በዚያው ሚዛን ይመዘናል።

ፍርዱ

ዳሰሳው የሚያደርሰን እዚህ ነው። ወቀሳው በውጭ ጉዳይ እውቀት ረገድ በመሠረቱ እውነት ነው፤ ቁጥሮቹ ይደግፉታል። አሜሪካዊው ሰነፍ ስለሆነ ነው የሚለው ምክንያት ግን ሐሰት ነው፤ ያልቸገረው ሰው አያጠናም። ቢያውቅ ከእኛ ጋር ይቆም ነበር የሚለው ተስፋ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያሳስታል፤ የ1935ም የ2015ም ታሪክ ያንን አያሳይም። አሜሪካ ስለ ኢትዮጵያ የምትወስነው ጥቂት የሚያውቁ ሰዎች፣ ጥቂት የሚከታተሉ መራጮችና ብዙ ጥቅም በሚገናኙበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ጉልበታችንን የምናውለው ከሦስት መቶ ሚሊዮን የሚበልጠውን አሜሪካዊ ካርታ ለማስተማር መሆን የለበትም። ለላሊበላ አስጎብኚዎች አንድ ነገር ይጠቅማል፤ ከንጉሡና ከዋሻው ጋር ከ1903ቱ ውል እስከ ዛሬ ያለውን የሁለቱን አገሮች ታሪክም ማስተማር። ወደዚያ ድረስ የሚመጣው እንግዳ ከጥቂቶቹ ሊሆን የሚችል፣ ተመልሶ ለተወካዩ የሚጽፍ ሰው ነውና። ከ1982 ጀምሮ በደጋው ሁሉ ሲደመጥ የኖረው የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ስርጭት በመጋቢት 2025 ሲቋረጥ ስለ አሜሪካ የምንሰማበት አንድ ትልቅ መስኮት ተዘግቷል፤ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ፕሬዚዳንቱ የተናገረውን ከመተርጎም አልፈው ኮንግረሱ ምን እንደሚሠራ የሚያስረዱ ዘጋቢዎች ሊኖሯቸው ይገባል። በአሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ለሰልፍ ከመውጣታችሁ በፊት የምርጫ ክልላችሁን ቁጥርና የተወካያችሁን ቢሮ ስልክ እወቁ። የወረዳችሁን ምክር ቤት ስብሰባ ቀን የማታውቁ የላስታ አንባቢዎችም ከዚያ ጀምሩ።